ንግድ ፈቃድ፣ ወረፋና ጤና
በጎብዬ ለነጋዴዎችና ለሸማቾች የቀረበ ንግግር



የኮሮና ቫይረስ በሽታ ወደ ኢትዮጵያ መግባቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ሲረጋገጥ በመጀመሪያ የተነሣው የሕክምና ጥያቄ ነበር። የእንጀራ ጥያቄም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ላለችው ጎብዬ እንጀራ ማለት በአብዛኛው መንገደኛና ገበያተኛ ነው፤ ወረርሽኙ ደግሞ የሚዛመተው በእነዚሁ በኩል ነበር።

መጋቢት 30 ቀን የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ የመጠጥ ቤቶችን፣ የጭፈራ ቤቶችንና የጫት ማስቃሚያዎችን አገልግሎት ከለከለ። በምግብና በቡና ቤቶች በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ እንዳይቀመጥ፣ የሁለት አዋቂ እርምጃ ርቀትም እንዲጠበቅ አዘዘ። ትእዛዙ ለጤና ተገቢ ነበር። ነገር ግን በአንዲት ጠባብ ክፍል ቡና የምታፈላ ሴት ደንቡን ስታከብር የምታስተናግደው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ብቻ ነበር። ጎረቤቷ ደንቡን ጥሳ ስምንት ሰው ብታስቀምጥ ገቢው የጎረቤቷ ይሆን ነበር። ጠንቃቃዋ የምትከስርበት ሁኔታ ከሰነበተ ጥንቃቄው አይዘልቅም። የንግድ ፈቃድ የሚሰጠው አካል በጤና ጉዳይ ድርሻ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ያው ደንብ አከራይ ተከራዩን ከመኖሪያ ቤቱ እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ከልክሎ ነበር። የምትነግድበትና የምታድርበት ክፍል አንድ ለሆነባት ሴት ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው የወረፋ ጉዳይ ነው። በ2012 ዓ.ም. ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ግብሩን ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ይከፍል ነበር። ንግድ ፈቃዱን ያለ ቅጣት የሚያድስበት ጊዜ ደግሞ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ስድስት ወር ሙሉ እያለ ሰው የሚጎርፈው በመጨረሻዎቹ ቀናት መሆኑን የማያውቅ የለም። በደኅና ጊዜ ይህ ከመሰላቸት አያልፍም ነበር፤ በወረርሽኙ ጊዜ ግን በአንድ ኮሪደር ውስጥ ለሰዓታት ተጠጋግቶ መቆም ከገበያ ውሎ የከፋ ሊሆን ይችል ነበር። የጎብዬ ነጋዴ ወደ ወረዳው መቀመጫ ወደ ቆቦ የሚሄድበት የሕዝብ ማመላለሻም በ2012 ዓ.ም. በግማሽ እንዲጭን ታዝዞ ስለነበር ጉዞው ከወትሮው ይከብድ ነበር።

 ስለዚህ የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት እድሳቱን በየንግድ ዘርፉና በየቀበሌው በቀጠሮ ቢከፋፍለው፣ ማመልከቻዎችንም ጎብዬ ድረስ መጥቶ ቢቀበል፣ የሚጠይቀው ገንዘብ ብዙ አይደለም፤ የሚጠይቀው ሐሳብ ነው። ነጋዴውም በበኩሉ ሱቁን ለጊዜው ዘግቶ ከሆነ መዝጋቱን ለጽሕፈት ቤቱ በጽሑፍ ቢያሳውቅ ይበጀዋል። ሳያሳውቅ የጠፋ ነጋዴ በመዝገብ ላይ እንደሚሠራ ተቆጥሮ ግብር ሊጠየቅ ይችላልና።

መንግሥት በሚያዝያ ወር 2012 ዓ.ም. ለነጋዴዎች እፎይታ መስጠቱ አይዘነጋም። የቆየ ውዝፍ ግብር እንዲሰረዝ፣ ሠራተኛ ሳያሰናብቱ ደመወዝ ለሚከፍሉ ድርጅቶችም የአራት ወር የሥራ ግብር እንዲቀርላቸው ተወስኖ ነበር። እርምጃው ለፋብሪካና ለትልቅ ሆቴል የሚጠቅም ነበር። ሠራተኛዋ ራሷ የሆነች ባለ ሻይ ቤት ግን የሚቀርላት የደመወዝ ግብር አልነበራትም። ለእርሷ የሚደርሰው ድጋፍ ከቅርብ፣ ከቀበሌና ከወረዳ የሚመጣው ነው።

በእንግሊዝ ሐምሌ 15 ቀን 2012 ዓ.ም. የጸደቀ ሕግ የአካባቢ ምክር ቤቶች ለምግብና ለመጠጥ ቤቶች በደጃቸው የእግረኛ መንገድ ላይ ወንበር የማውጣት ፈቃድ በፍጥነት እንዲሰጡ፣ ክፍያውም በዚያን ጊዜ ከ100 ፓውንድ እንዳይበልጥ አድርጎ ነበር። ለራያ ቆላ ሰው ከቤት ወጥቶ በጥላ ሥር መቀመጥ ሕግ የሚያሻው ብልሃት አይደለም፤ ሙቀቱ ራሱ ያስወጣዋል። ሆኖም ዱካ የሚወጣበት ቦታ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ቢቀር ጭቅጭቅ ይነሣል፤ የከባድ መኪና መንገድ ዳርም ለደንበኛ አደጋ ነው። ቀበሌው ከጎዳናው ራቅ ያለውን ቦታ ለክቶ ለእያንዳንዱ ቤት ቢያሳይ ነፋሻ ቦታም ገቢም በአንድነት ይገኛሉ።

ፈቃድ የሌላት የጉሊት ቸርቻሪ ከሁሉም ትለያለች። በመስኖ የለማውን ሽንኩርትና ቲማቲም ከአርሶ አደሩ ተቀብላ ለሸማቹ የምታደርሰው እርሷ ናት፤ ግን ከመዝገብ ውጭ ስለሆነች ድጋፍ ሲታሰብ ስሟ አይነሣም። ደንብ አስከባሪ ከሰፊው ሜዳ ሲያባርራት ሥራዋን አትተውም፤ ወደ ጠባብ መተላለፊያ ትገባለች፤ ሸማቹም ተከትሏት ይጋፋል። በሜዳው ላይ በኖራ ሁለት ሁለት እርምጃ እየለኩ ቦታ መስጠት፣ ስሟንም መመዝገብ ከማባረር ይሻላል። ከአፋር በኩል ፍየልና ግመል ይዘው ወደ ራያ ቆቦ ገበያዎች ለሚመጡ ሻጮችም የከብት ተራውን ሰፋ አድርጎ መከለልና መግቢያው ላይ ውሃና ሳሙና ማኖር ያስፈልጋል።

ለእድሳት የሚሄድ ሰው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የቀድሞውን ፈቃድና የግብር ክሊራንሱን ይዞ በቀጠሮው ሰዓት ብቻ ይገኛል። ትኩሳት ወይም ሳል ያለበት ግን ቀኑ ቢደርስም ከቤቱ ሆኖ ወደ 8335 ይደውላል፤ ጽሕፈት ቤቱም ያለፈውን ቀጠሮ ያለ ቅጣት ሊለውጥለት ይገባል።