የነፋስ ዓይን
(ለወላጆች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ልጆቻችን የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ይዘው ሲቀመጡ ብዙዎቻችን ዝም እንላለን። «እኛ እንግሊዝኛ አናውቅ፤ በምን እንረዳቸዋለን?» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን ለባግሩት ግዴታ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ለሚገባም ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህ ዝምታችን እንዲቀር ልንመክር መጥተናል።

ልጆቹን ከሚያሰናክሏቸው ነገሮች አንዱ ፈሊጥ ነው። እያንዳንዱን ቃል ከመዝገበ ቃላት ያገኙታል፤ አንድ ላይ ሲያነቡት ግን ትርጉም አይሰጣቸውም። ስለ ነፋስና ስለ መስኮት የሚነገሩትን ብቻ እንመልከት።

አንድ ሰው የተደበቀ ነገር ሲደርስበት እንግሊዞች «ጌት ዊንድ ኦፍ» ይላሉ፤ ቃል በቃል የነገሩን ነፋስ አገኘ ማለት ነው። አባባሉ የአደን ነው፤ አውሬ የአዳኙን ጠረን ከነፋሱ ያሸታል። እኛስ «ነገሩን አሸተተው» እንል የለም?

የሰከረን ሰው «ስሪ ሺትስ ቱ ዘ ዊንድ» ይሉታል። ልጁ «ሺት» አንሶላ ወይም ወረቀት ይመስለዋል። በመርከበኞች ዘንድ ግን የሸራ መወጠሪያ ገመድ ነው። ገመዱ ሲፈታ ሸራው በነፋስ ይርገበገባል፤ መርከቡም እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል።

ዕቅድ ሲበላሽ «አውት ኦፍ ዘ ዊንዶው»፣ በመስኮት ወጣ፣ ይላሉ። እኛ የተራራ አገር ሰዎች «ገደል ገባ» እንላለን። እነርሱ በመስኮት ይጥሉታል፣ እኛ በገደል፤ ነገሩ ያው ነው።

ጆን ሄይዉድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1546 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የምሳሌዎች መጽሐፍ ስለ ክፉ ነፋስ የሚናገር ምሳሌ አለ። አሳቡ አንዱን የጎዳ ነፋስ ሌላውን ሳይጠቅም አይቀርም ነው። የእኛ «ሳይደግስ አይጣላም» ይቀርበዋል፤ ሆኖም የእኛው የሚያጽናናው የተጎዳውን ራሱን ነው።

«ዊንዶው» የሚለው ቃል ራሱ ከጥንት የስካንዲናቪያ ሰዎች ቋንቋ የመጣ ሲሆን ፍችው «የነፋስ ዓይን» ነው።

እንግዲህ ፈሊጥ ከሕዝቡ ኑሮ ይወጣል፤ ከባሕሩ፣ ከአደኑ፣ ከቤቱ። ይህን ለማስረዳት ከእኛ ከወላጆች የተሻለ ማን አለ? ስንት ምሳሌና ተረት ይዘን መጥተናል! ልጁ የአባባሉን ትርጉም ከመምህሩ ጠይቆ ይምጣ፤ እኛ ደግሞ «ይህ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብለን አብረነው እንፈልግ። እንግሊዝኛው ይገባዋል፤ አማርኛውም አይጠፋበትም።

ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ የሚዘጋን ዕድል እንግሊዞች የዕድል መስኮት ይሉታል፤ በዕብራይስጥም «ሐሎን ሂዝዳምኑዮት» ሲባል በሬዲዮ እንሰማለን። ልጆቻችን ከእኛ ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጡበት ዘመን እንዲሁ አጭር ነው። ከዛሬ ማታ ጀምረን አጠገባቸው እንቀመጥ።