የቤተሰብ ቤት ግንባታና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

(ለማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ግድብ ወይም ስለ ረጅም ድልድይ አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ሊኖርበት ስለሚሠራ አንድ ቤት ነው። ርእሱ ለዚህ ጉባኤ የሚያንስ የሚመስለው ባልደረባ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያው አስብ ነበርና። ሐሳቤን ያስለወጠኝን ምክንያት ወደ በኋላ እገልጻለሁ።

በቅድሚያ ስለ ካዛንቺስ ጥቂት ልበል። የሠፈሩ ስም የመጣው በጠላት ወረራ ዘመን ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ድርጅት ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። የወራሪው ዓላማ የራሱን ሰዎች ማስፈር እንጂ ያገሩን ባለቤት ማኖር እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ሆኖም ለሙያችን አንድ ነገር ያስገነዝበናል፤ ይኸውም የመኖሪያ ቤት አስቀድሞ በተጠና ፕላን፣ በታወቀ መጠንና በኃላፊ ሥር ሊሠራ የሚችል ሥራ መሆኑን ነው። ከዚያ ዝቅ ብሎ እስከ ቂርቆስ ድረስ ሕዝቡ ለራሱ የሠራቸው ቤቶች አብዛኞቹ በሌላ መንገድ የተሠሩ ናቸው። አባወራው ገንዘብ ባገኘ ቁጥር ምሰሶ ያቆማል፣ ማገር ይማግራል፣ በጭድ ጭቃ ይመርጋል፣ ቆርቆሮ ያለብሳል። ልጅ ሲወለድ አንድ ክፍል ይቀጠላል፤ ልጅ ሲዳር ሌላ ይቀጠላል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ እንዲኖረው፣ ለአዲስ ቤት የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢለወጥም፣ ለአብዛኛው ሰው ቤት መሥራት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ የሚገጥመው ሥራ ሆኖ ቀርቷል። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ ደግሞ አያሌ ቤተሰቦች በሌላ ሠፈር ኑሮን እንደገና መጀመር ግድ ሆነባቸው። እንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚሠራ ሥራ ልምድ ያለው ባለቤት ከየት ይገኛል? ልምዱ ያለው በእኛ ዘንድ ነው፤ እኛ ግን በቦታው የለንም።

ይህን ስል ሌላውን በመውቀስ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ወላጆቼ ቂርቆስ የነበራቸውን የጭቃ ቤት አፍርሰው በብሎኬት ሊሠሩ ወሰኑ። ገንዘቡ አባቴ ከጡረታቸው የቆጠቡት፣ እናቴም በዕቁብ ያጠራቀሙት ነበር። ፕላኑን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ካዛንቺስ በሚሠራ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ላይ ተቆጣጣሪ ነበርሁ፤ በዚያም ፌሮው ሳይፈተሽ፣ የአርማታው ናሙና ሳይወሰድ አንድ ባሬላ እንኳ እንዲፈስ አልፈቅድም ነበር። የወላጆቼን ቤት ግን «ትንሽ ሥራ ነው» ብዬ ለካቦው ትቼ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ብቅ እል ነበር።

ግንበኞች ኮለን የሚሏቸው ዐምዶች የተሞሉት እኔ በሌለሁበት በአንድ ረቡዕ ቀን ነው። አርማታው በጣውላው ውስጥ አልወርድ ሲላቸው ሠራተኞቹ ውኃ ጨመሩበት። ቅዳሜ ስደርስ ጣውላው ተነሥቷል፤ ከዘጠኙ ዐምዶች የሁለቱ ግርጌ ጠጠሩ ገጥጦ ፌሮው ይታያል። በመዶሻ ብነካው ተፈረፈረ። ሁለቱ ዐምዶች መፍረስ እንዳለባቸው ለአባቴ ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና፣

«ልጄ፣ አንተ በምትሠራበት ፎቅ ላይም እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል?» አሉኝ።

«አይደርስም አባባ፤ እዚያ እኔ እቆማለሁ» አልኳቸው።

ሌላ አልጠየቁኝም። ጥፋቱ የካቦው እንዳልነበረ ከገዛ አፌ ሰማሁት። ዐምዶቹ ፈርሰው ተሠሩ፤ ለማድ ቤቱ የታሰበው ገንዘብ ግን በዚያ አለቀ፤ እናቴም አንድ ዓመት ሙሉ በቆርቆሮ ከለላ ውስጥ አበሰሉ።

ከዚህ የተማርኩትን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከቁፋሮ በፊት መወሰን ነው። በወረቀት ላይ ግድግዳ ለማዛወር የሚያስፈልገው ላጲስ ነው፤ ከተገነባ በኋላ ግን ሲሚንቶ፣ ጉልበትና ጊዜ ነው። መሠረቱ የሚያርፈው ጥቁር ኮተቻ አፈር ላይ ከሆነ፣ አፈሩ በክረምት ስለሚያብጥና በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ ይህ አስቀድሞ ታውቆ በሒሳቡ መግባት አለበት። ገንዘቡም በየደረጃው ይከፈል፤ ላልታሰበ ወጪ ቢያንስ ከመቶ አሥር እጅ ይቀመጥ። መሠረቱ ዝናቡ ባባራ ጊዜ በጥቅምት ተጀምሮ፣ ጣሪያው ሰኔ ሳይገባ እንዲለብስ ቀኑ ወደ ኋላ ይቆጠር። የጣሪያው ገንዘብ ሳይታይ ግድግዳ የጀመረ ሰው ክረምቱ በሜዳ ያገኘዋል።

ሁለተኛ፣ መለካት ነው። 50 ኪሎ ግራም የሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ወደ 35 ሊትር ይሆናል። ስለዚህ ውስጡ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጣውላ ሣጥን አሠርቶ፣ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሣጥን አሸዋና ሦስት ሣጥን ጠጠር መስፈር ይቻላል። ውኃውም በአሸዋው ውስጥ ያለው እርጥበት ተገምቶ፣ በጠቅላላው ከ25 ሊትር ብዙ እንዳይርቅ በባልዲ ይቆጠር። አርማታው ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ ይጠጣ፤ ጥንካሬው የሚመዘነው በ28ኛው ቀን መሆኑ አይዘንጋ። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ሣጥን፣ አንድ ባልዲና በቦታው የሚቆም አንድ ሰው ነው።

ሦስተኛ፣ መመዝገብ ነው። ስንት ከረጢት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ ማን ምን እንደሠራ በየቀኑ በደብተር ይጻፍ። ከቀብዱ ሌላ ክፍያ ሁሉ ሥራው ታይቶና ተለክቶ ይፈጸም። የውኃና የመብራት መስመር ያለፈበት ቦታ ሳይለሰን በፊት በፕላኑ ላይ ይመልከት፤ ነገ የሚጠግን ሰው ግድግዳውን በግምት እንዳይበሳ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ፎቅ የሌላቸውንና በተሸካሚዎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጠውን ቤቶች በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጧቸው ነበር። ሕግ ለትንሹ ቤት ሸክሙን ማቅለሉ ተገቢ ነው፤ የአርማታ ጠባይ ግን ምድብ አይለይም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ አዲስ አበባ በተሰማ ጊዜ፣ ትልቁም ትንሹም ቤት ነበር የተንቀጠቀጠው።

በመጨረሻም ለማኅበሩ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ለባለቤቱና ለካቦው የሚሆን፣ ቀላል አማርኛ የተጻፈበት አነስተኛ የሥራ መመሪያ እንዲዘጋጅ ነው። ሁለተኛው፣ እያንዳንዱ አባል በሠፈሩ ለሚሠራ አንድ የቤተሰብ ቤት በዓመት ሦስት ቀን እንዲሰጥ ነው፤ መሠረት በሚወጣበት፣ ዐምድ በሚሞላበትና ጣሪያ በሚታሰርበት ቀን። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መስጠት የሚችል ቢኖር፣ ዐምድ የሚሞላበትን ይስጥ። እኔ የቀረሁት በዚያ ቀን ነበር።