በዳሌ ውስጥ ሥር የሰደደ ሕመምና ነርቭን የማነቃቃት ሕክምና



ከስድስት ወር በላይ የዘለቀ የዳሌ ውስጥ ሕመም ይዟት ወደ ሐኪም የቀረበች ሴት ብዙ ጊዜ የምታገኘው መልስ «ምርመራው ምንም አላሳየም» የሚል ነው። መልሱ ስለ መሣሪያው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለሕመምተኛዋ ግን ፍርድ ነው። ከዚያች ቀን ወዲያ ሕመሟን የሚያምናት ሰው ይጠፋልና። ሕመሙ ወንዶችንም እንደሚያጠቃ ሊዘነጋ አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ያሳተሙት የ«በር» ንድፈ ሐሳብ የዚህን ፍርድ መሠረት አናግቶታል። እንደ ሐሳቡ፣ የሕመም መልእክት ወደ አንጎል ከመድረሱ በፊት በኅብለ ሰረሰር ውስጥ እንደ በር ያለ ማለፊያ ይገጥመዋል፤ የመዳሰስን ስሜት የሚያደርሱት ወፋፍራም የነርቭ ክሮች ሲነቃቁ በሩ ይጠባል። ሰው የተመታ ክርኑን የሚያሸው በከንቱ አይደለም። የንድፈ ሐሳቡ ዝርዝር ኋላ ቢሻሻልም፣ በ1967 ኖርማን ሺሊ በኅብለ ሰረሰር ላይ ኤሌክትሮድ ተክሎ ሐሳቡን ወደ ሕክምና አሻግሮታል። ቁስሉ ከዳነ በኋላም የነርቭ ሥርዓቱ ራሱ ከመጠን በላይ ስሜተኛ ሆኖ ሕመሙን ሊያዘልቀው እንደሚችል ዛሬ ታውቋል።

ከማነቃቂያው መንገዶች መካከል ሦስቱ እነዚህ ናቸው። አንደኛው በቆዳ ላይ በሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ቀላል የኤሌክትሪክ ሞገድ መስጠት ነው። ሁለተኛው ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሚገባ ቀጭን መርፌ፣ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ለ30 ደቂቃ፣ እስከ 12 ሳምንት የሚሰጠው ነው። እግር ተነክቶ ዳሌ የሚታከመው፣ የዚያ ነርቭ ሥር ከፊሉ የዳሌ አካላትን ከሚያገለግለው የኅብለ ሰረሰር ክፍል ስለሚነሣ ነው። ሦስተኛው በአከርካሪ ግርጌ ባለው አጥንት ቀዳዳ በኩል ኤሌክትሮድ አግብቶ ባትሪውን ከቆዳ ሥር መቅበር ነው።

ይሁን እንጂ ተስፋው ከማስረጃው መቅደም የለበትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ይህን ሦስተኛውን መንገድ በ1997 የፈቀደው ለሽንት መቆጣጠር ችግር እንጂ ለዳሌ ሕመም አልነበረም፤ በሕመሙ ላይ የተደረጉት ጥናቶችም አብዛኞቹ ጥቂት ሰዎችን የያዙ ናቸው። ማነቃቂያው መልእክቱን ይገራል እንጂ ምክንያቱን አያስወግድም። ስለሆነም ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ቁስለትና ዕጢ አስቀድመው ሊፈለጉ፣ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናና ምክርም አብረው ሊሰጡ ይገባል።

መሣሪያው በቋሚነት ከመተከሉ በፊት ለጥቂት ቀናት በጊዜያዊነት ይሞከራል። በዚህ ሙከራ ሕመሙ ቢያንስ በግማሽ መቀነሱን የሚመሰክር የራጅ ፊልም ወይም የደም ምርመራ የለም፤ ምስክሯ ሕመምተኛዋ ብቻ ናት። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን ቃሏን ያላመነ ሐኪም፣ በመጨረሻው ቀን መዳኗን በምን ሊያውቅ ይችላል?