የታመመ ላፕቶፕ እንደ ገና ስለ መትከል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ በሽታ ለመናገር መነሣቴ ለበዓሉ የማይገባ ይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በሽታው የሰው ወይም የከብት አይደለም፤ የላፕቶፕ ነው። በሶዶ ከተማ ኮምፒዩተር ወደሚጠገንበት ሱቅ ጎራ ያለ ሰው «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ» የሚለውን ፍርድ ሳይሰማ አይቀርም። ባለቤቱም ገንዘቡን ከፍሎ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ ግን ያው በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ለምን ይመለሳል? ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ይህንኑ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ነገሩ የጠጋኞች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ልንተወው አንችልም።

ላፕቶፕን እንደ አንድ ትልቅ ግቢ ብንቆጥረው፣ ዊንዶውስ ወይም ኡቡንቱ የምንለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የግቢው አዛዥ ነው። ፋይል የሚከፍተው፣ ለፕሮግራሞች ሥራ የሚያድለው፣ ከኢንተርኔት የሚመጣውን እንግዳ በር ላይ የሚቀበለው እርሱ ነው። ማልዌር የሚባለው ክፉ ፕሮግራም የአዛዡን ሥልጣን ከያዘ በኋላ አዛዡን «ግቢው ሰላም ነውን?» ብለን ብንጠይቀው መልሱ አይታመንም። አንቲቫይረሱም ቢሆን የሚሠራው በዚሁ አዛዥ ሥር ስለ ሆነ «ምንም አላገኘሁም» ሲል ልባችንን ጨርሶ ሊያሳርፈው አይገባም። አዋቂዎች ጥርጣሬው ሲበረታ አሮጌውን ሲስተም ከነጭራሹ አጥፍቶ አዲስ መትከልን የሚመርጡት ስለዚህ ነው።

ጥርጣሬ ስል ግን ዝግታን ብቻ ማለቴ አይደለም። ሃርድ ዲስክ ሲሞላ ወይም ሲያረጅ፣ ማራገቢያውም በአቧራ ሲታፈን ላፕቶፕ ይንቀራፈፋል። ይህን በፎርማት ለማዳን መሞከር እግሩ ለተሰበረ ሰው የወባ ክኒን እንደ መስጠት ነው። የሚያሠጋው ምልክት ሌላ ነው። በፍላሽ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆነው ሲገኙ፣ አንቲቫይረሱ ማንም ሳያዘው ጠፍቶ አልበራ ሲል፣ እኛ ያልጻፍነው መልእክት በስማችን ለወዳጆቻችን ሲደርስ፣ ያን ጊዜ ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ለይቶ ማስቀመጥ ተገቢ ነው።

በሽታው ከእጅ ወደ እጅ መሸጋገሩ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 ብሬይን የተባለውን ቫይረስ በፓኪስታን አገር በላሆር ከተማ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ሠሩት። ምክንያታቸውንም ሲናገሩ፣ ለሕክምና ሥራ ያዘጋጁትን ፕሮግራም ሰዎች ያለ ፈቃድ እንዳይገለብጡባቸው ብለው እንደ ሆነ ገልጸዋል። የሚያስገርመው፣ ስማቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር በቫይረሱ ውስጥ ጽፈውት ነበር! ኢንተርኔት በየቤቱ ባልገባበት በዚያ ዘመን ብሬይን በፍሎፒ ዲስክ ተጭኖ ባሕር ተሻገረ። ዛሬ የፍሎፒን ቦታ ፍላሽ ወርሶታል።

እኛ የወላይታ ልጆች ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በየጓሮአችን እንሰት አለ፤ የእንሰት አጠውልግ በሽታንም ወላጆቻችን ያውቁታል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች የበሽታው መንሥኤ ባክቴሪያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፈው አሳውቀዋል። ይህ ባክቴሪያ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱና ዋናው የታመመውን ተክል የቆረጠ ቢላዋ ነው። ስለዚህ ጠንቃቃ ገበሬ የታመመውን እንሰት ከነሥሩ ነቅሎ ይቀብረዋል፤ ቢላዋውን በእሳት ያሳልፈዋል፤ ከጤነኛ ተክል የተገኘ ችግኝም ፈልጎ ይተክላል። ቢላዋው ካልጸዳ ግን ችግኙ ምንም ጤነኛ ቢሆን ድካሙ ከንቱ ነው። በላፕቶፕ ዘንድ ቢላዋው ፍላሹ ነው።

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አንዲት የቅርብ ዘመዴ የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ ጽሑፉን ካሳተመችበት ቦታ በተመለሰው ፍላሽ ምክንያት ላፕቶፗ ታመመባት። የአራት ዓመት ማስታወሻዋ፣ ከገበሬዎች የሰበሰበችው መረጃ፣ በሞት የተለዩን አያታችን ፎቶግራፎች ሁሉ በዚያ ነበሩ። ወደ ጠጋኝ ወሰደችው። ጠጋኙም ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ላፕቶፕ ወደ ደንበኛ ላፕቶፕ በሚያዘዋውረው ፍላሽ ዊንዶውስ ጫነላት፤ ሲ የሚባለውን የዲስክ ክፍል ብቻ ፎርማት አድርጎ ዲ የሚባለውን እንደ ነበረ ተወው። በሦስተኛው ቀን ሾርትከቶቹ ተመለሱ። እንግዲህ በሽታው በዲ ተደብቆ ይቆይ፣ ወይም ከጠጋኙ ፍላሽ ጋር ይምጣ፣ ለይቶ መናገር አይቻልም። ሁለቱም በር ክፍት ነበር።

ሁለተኛውን ተከላ እርሷና እኔ ራሳችን አደረግነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሰነዶቹን ማትረፍ ነው። በሌላ ጤነኛ ኮምፒዩተር ኡቡንቱን በፍላሽ አዘጋጀንና የታመመውን ላፕቶፕ በዚያ ፍላሽ አስነሣነው። ኡቡንቱ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ሆኖ መሥራት ይችላል፤ ለዊንዶውስ የተሠራ ቫይረስም እንደ ልማዱ በኡቡንቱ ውስጥ ሊነሣ አይችልም። ዊንዶውስ ደብቋቸው የነበሩት ፎልደሮች እዚያ ወለል ብለው ታዩ። ሰነዶችንና ፎቶግራፎችን ብቻ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥን። ፕሮግራም የሆነውን፣ በተለይም «ሴትአፕ» የሚል ስም ያለውን ሁሉ ተውነው፤ ፕሮግራም ከምንጩ እንደ ገና ይገኛል፤ የአያታችን ፎቶግራፍ ግን ከየትም አይገኝም። (ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁጥሩን ሳይዙ ይህን ሥራ መጀመር አይገባም።)

ቀጥሎ ንጹሕ ቢላዋ ማዘጋጀት ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስን መጫኛ ከራሱ ገጽ ያለ ዋጋ ያድላል። 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሚይዝ ፍላሽ ያስፈልጋል፤ በፍላሹ ላይ የነበረውም ሁሉ ይጠፋል። ይህ ሥራ በታመመው ላፕቶፕ ላይ ፈጽሞ መሠራት የለበትም። ዘመዴ «ፋይሉ ትልቅ ስለ ሆነ ከጓደኛዬ ላፕቶፕ ልቅዳው» ብላ ነበር፤ እኔ ግን የኢንተርኔቱን ወጪ መክፈል ይሻላል ብዬ ተከራከርኩ፤ እርሷም ተስማማች።

በተከላው ጊዜ «ከስተም» የሚለው ይመረጣል። በዲስኩ ላይ ያሉት ክፍሎች ሁሉ፣ ሲም ዲም ሳይቀሩ፣ ጠፍተው ባዶ ቦታ ብቻ ሲቀር መጫን ይጀመራል። የተረፉት ሰነዶች ያሉበት የውጭ ዲስክ ከዚህ በፊት ተነቅሎ ርቆ ይቀመጥ፤ በስሕተት እርሱን ያጠፋ ሰው እንባውን የሚያብስለት የለም። መብራት መጥፋቱም አይዘነጋ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ በተከላው መካከል መብራት ቢሄድበት ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል፤ እኛም ባትሪው እስኪሞላ ድረስ ግማሽ ቀን ጠብቀናል።

ስለ ክራክ ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ጎደሎ ይሆናል። ዊንዶውስን ያለ ክፍያ ለማስከፈት የሚሰጠው አክቲቬተር «በመጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። በር ጠባቂህን አስወጣና አስገባኝ የሚል እንግዳ ምን ይዞ እንደ መጣ ማን ያውቃል? ከፋብሪካው ዊንዶውስ ይዞ የመጣ ላፕቶፕ ያው ዓይነት ሲጫንበት ከኢንተርኔት ጋር እንደ ተገናኘ ፈቃዱን በራሱ ያገኛል፤ ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ ክራክ ይጭናል። ፈቃድ የሌለው ደግሞ ኡቡንቱን ቢጭን ዋጋ የሚጠይቀው የለም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙዎቹ የቆዩ ላፕቶፖች ዊንዶውስ 11ን ስለማይቀበሉ፣ ለእነዚህ ኡቡንቱ የተሻለ መጠጊያ ይመስለኛል።

ድጋፍ ማለት ቀላል ነገር አይደለም። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ማልዌር በዓለም ላይ ሲነሣ የብሪታንያን ሆስፒታሎች ሥራ አስፈትቷል። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማደሻ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። የተጎዱት ያላደሱትና ድጋፍ ያለቀበትን ሲስተም የያዙት ናቸው። ስለዚህ አዲሱ ሲስተም እንደ ተነሣ አስቀድሞ ማደስ፣ ከዚያ በኋላ የተረፉትን ሰነዶች በአንቲቫይረስ መርምሮ ማስገባት ነው።

የዘመዴ ሰነዶች ሲገቡ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አጋጠመን። ለገበሬዎች ያዘጋጀችው መጠይቅ በአማርኛና በወላይትኛ የተጻፈ ነበር። የወላይትኛው በላቲን ፊደል ስለ ሆነ ደኅና ተከፈተ፤ የአማርኛው ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ታየ። እርሷ ቫይረሱ የበላው መስሏት አለቀሰች። ነገሩ ግን የፎንት ነበር። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ቢገባም፣ ያ መጠይቅ የተጻፈው በአሮጌው የቪዥዋል ግዕዝ ፎንት ነበር፤ ፎንቱ ከአሮጌው ሲስተም ጋር አብሮ ጠፍቷል። መልሰን ስንጭነው ፊደሉ ሁሉ በየቦታው ቆመ። ከዚያም የኢሜይሏንና የቴሌግራሟን የይለፍ ቃል ከጤነኛ ስልክ ለወጠች፤ ላፕቶፑ ታሞ ሳለ የተጻፈ የይለፍ ቃል በሌላ እጅ ገብቶ ሊሆን ይችላልና። ጽሑፏንም በቀኑ አስረከበች።

ከበዓሉ በኋላ እስከ ማታ ድረስ እኔና ሁለት ጓደኞቼ በኮምፒዩተር ክፍላችን እንቆያለን። ንጹሕ የዊንዶውስ ወይም የኡቡንቱ መጫኛ የሚፈልግ ሰው ከማሸጊያው ያልወጣ አዲስ ፍላሽ ይዞ ይምጣ። ያገለገለ ፍላሽ አንቀበልም፤ በዚህ እንዳትቀየሙን።