ጎረምሳ ሲሟገት

ዛሬ ስለ አንድ መጽሐፍ እናውጋ። ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. ያሳተመው «አደፍርስ» የተባለ ልብ ወለድ ታሪኩ የሚካሄደው በእኛው ሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሲና አካባቢ ነው፤ ደራሲውም የዚያው ተወላጅ ነው። አደፍርስ ከከተማ የመጣ የተማረ ወጣት ነው። ያየውን ሁሉ ይጠይቃል፤ ከታላላቆቹ ጋር ይሟገታል። የትናንቱን አልተቀበለም፣ የነገውንም ገና አልጨበጠም። ዳኛቸው ግን ለአንድ ወገን አይፈርድም፤ ወጣቱንም አዋቂዎቹንም ያናግራቸዋል።

እንዲህ ያለ ልጅ በየቤታችን አለ። ሲመክሩት ይቆጣል፤ ሲጠሩት ዝም ይላል። እኛም «ጥጋብ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ልብ ወለድ ማንበብ ከቁጣው ጀርባ ያለውን ጭንቀት እንድናይ ያደርገናል።

አባቶቻችን በመንዝ የጓሳን ሣር ለዓመታት ከልክለው ያቆዩት ነበር፤ እስኪደርስ ግን ጠባቂ አልነፈጉትም። ጎረምሳም ጊዜም ጠባቂም ይሻል።

እናም ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ምክሩን እናቆየውና «አንተስ ምን ትላለህ ልጄ?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ባያስደስተንም እስከ መጨረሻው እንስማው።