ክኒን አልዋጥ ሲል

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ክኒን አዋዋጥ ነው። ይኸ ከቤት ንጽሕና ጋር ምን አገናኘው? ትሉ ይሆናል። ክኒኑ የሚያዝበት እጅ፥ የሚዋጥበት ውሃ፥ የሚቀመጥበትም ቦታ የቤት ጉዳይ ነውና ይገናኛል።

ክኒን መዋጥ የሚያቅታቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። ይኸን የምንለው ስለ ሕፃናት እንዳይመስላችሁ። ልጅ ወልደው ያሳደጉ፥ ከባድ ሸክም ተሸክመው ከጨንቻ ዳገት አርባ ምንጭ ገበያ የሚወርዱ ጐልማሶች ናቸው። ጥሬ ሥጋ ያለ ችግር የሚውጠው ሰው የባቄላ ፍሬ የምታኽል ክኒን ታስጨንቀዋለች። ሰውየው ታዲያ ያፍራል። ጤና ጣቢያ ሲነገረው «እሺ» ብሎ ተቀብሎ ይሄዳል፤ ቤቱ ሲደርስ አንዱን ሞክሮ ይተፋውና የቀረውን ያስቀምጠዋል። ወደ እኛ ሲመለስም «መድኃኒታችሁ አልሠራልኝም» ይለናል። ያልተዋጠ መድኃኒት እንዴት ብሎ ይሥራ?

በደጋው ቤት ለቤት ስንዞር ያየነውን እንንገራችሁ። አንዲት ነፍሰ ጡር እናት ለደም ማነስ የሚሰጠውን የብረት ክኒን በየጊዜው ይቀበሉ ነበር። ክኒኖቹ ግን ከቀርከሃው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ተወትፈው ተገኙ። ነገሩ የተገለጠው የሦስት ዓመት ልጃቸው ቀዩን ክኒን ከረሜላ መስሏት ስትጎረጕር ነው። ደግነቱ አልዋጠችውም። እናቲቱን ብንጠይቃቸው «ጕሮሮዬ ላይ ይቆማል፤ ብናገር ትቈጡኛላችሁ ብዬ ነው» አሉን። እንግዲህ በአንድ ስንጥቅ ውስጥ ሁለት አደጋ ተሸሽጎ ነበር ማለት ነው። እናቲቱ ደም አንሷቸው ወደ ምጥ ሊገቡ ነው፤ በወሊድ ጊዜ ደም ቢፈሳቸው የሚተርፋቸው አቅም ጥቂት ነው። ለናት የሚጠቅመው የብረት ክኒን ደግሞ ትንሽ ልጅ ብዙ ፍሬ ከዋጠው ይገድላል።

ለመሆኑ ጕሮሮ ክኒንን ለምን እምቢ ይላል? ምግብ ስንበላ ጥርስ ያደቀዋል፥ ምራቅ ያረጥበዋል፥ ምላስ ጠቅልሎ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያን ጊዜ ማንቍርት ወደ ላይ ከፍ ይልና አንዲት ትንሽ ክዳን የአየር ቧንቧውን ትሸፍናለች፤ ጕርሻውም 25 ሳንቲ ሜትር ያኽል ርዝመት ባለው የምግብ ቧንቧ ወርዶ ሆድ ይገባል። ክኒን ግን ከዚህ ልማድ ይወጣል። ጠንካራ ሆኖ ሳለ ሳይታኘክ ይዋጥ ይባላል። እናቶቻችን ደግሞ ከልጅነታችን ጀምረው «አኝክ፥ ሳታኝክ አትዋጥ፥ የዓሣውን አጥንት ተጠንቀቅ» እያሉ አሳድገውናል። ጕሮሮ ይኸን ትምህርት አልረሳም። ጠንካራ ነገር ምላስ ሥር ሲደርስበት በሩን ይዘጋል፥ ያቅለሸልሻል፥ ወደ ውጭ ይገፋል። ሰው በፈራ ቍጥር የጕሮሮው ጡንቻ ይኮማተራል፤ አፉም ይደርቃል። ዛሬ ያነቀው ሰው ነገ ክኒኑን ሲያይ ገና ከመዳፉ ሳያነሣው ይፈራል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን የቤታችሁን ሰው አትሳቁበት፤ ሳቁ ፍርሃቱን ያብስበታል እንጂ አይጠቅመውም።

ደረቅ አፍም ትልቅ ምክንያት ነው። በወባ ትኵሳት የተቃጠለ፥ ጫት የቃመ፥ በዕድሜ የገፋ ሰው ምራቁ ያንሰዋል፤ ክኒኑ ከምላሱ ጋር ይጣበቅበታል። በደጋው እንደምናየው ያለ ትልቅ እንቅርትም የምግብ ቧንቧን ሊጫን ይችላል። (ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2003 ዓ.ም. በደንብ የታዘዘው ለዚሁ ለእንቅርት ነው፤ እናቶች ጨዋችሁን ከድናችሁ ከእርጥበት አርቃችሁ አስቀምጡት።) «እንጥሉ ወርዶ ነው» ብሎ ማስቈረጥ ግን ከቶ አይገባም። እንጥል ስንውጥ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይወጣ ከላንቃ ጋር ሆኖ የሚያግዝ አካል ነው። ቈራጩ የሚይዘው ምላጭ ደግሞ ደም መፍሰስንና መንጋጋ ቈልፍን ያመጣል።

አሁን ወደ አዋዋጡ እንምጣ። አስቀድሞ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ውሃው የተፈላ ወይም በውሃ አጋር የታከመ፥ ከተከደነ ዕቃ የተቀዳ ይሁን፤ ለተቅማጥ መድኃኒት እየዋጡ ተቅማጥ መጠጣት ምን ይሉታል? ተኝቶ መዋጥ አይገባም፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ነው። መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ውሃ ጕንጭት አድርጎ አፍንና ጕሮሮን ማርጠብ፥ ከዚያ ክኒኑን ምላስ ላይ ማድረግ። ብዙ ሰው ዶሮ ውሃ ስትጠጣ እንደምታደርገው አንገቱን ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ይኸ ጕሮሮን ይወጥረዋል፤ ለትንታም ያጋልጣል።

በጀርመን አገር የሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ሁለት ዘዴ ሞክረው ለአብዛኞቹ ሰዎች እንደረዳቸው አሳውቀዋል። አንደኛው በየቤታችሁ ባለው ሃይላንድ የሚሠራ ነው። ለስላሳውን የፕላስቲክ ጠርሙስ አጥባችሁ ንጹሕ ውሃ ትሞሉታላችሁ፤ ክኒኑን ምላስ ላይ አድርጋችሁ የጠርሙሱን አፍ በከንፈር ግጥም አድርጋችሁ ትይዛላችሁ፤ አየር ሳታስገቡ ውሃውን ሕፃን ጡት እንደሚጠባ እየሳባችሁ ወዲያው ትውጣላችሁ። ክኒኑ ከውሃው ጋር ሳይታወቃችሁ ይሄዳል። ሁለተኛው ለእንክብሉ ነው፤ ያ ባለ ሁለት ቀለም በውስጡ ዱቄት ያለው ማለታችን ነው። እንክብል ቀላል ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። እሱን ምላስ ላይ አድርጎ ውሃ ጕንጭት ማድረግ፥ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ እንዳጐነበሱ መዋጥ ነው። ሰውየው ሲያጐነብስ እንክብሉ ወደ ጕሮሮው በኩል ይንሳፈፋል።

ውሃ ብቻ አልሆን ካለስ? ስለ ሙዝ ለአርባ ምንጭ ሰው ማስተማር ባያስፈልግም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ሙዙን ደኅና አድርጎ ማኘክ፥ ሊዋጥ ሲል ክኒኑን መካከሉ ላይ አግብቶ አብሮ መዋጥ ነው። ገንፎም ይሆናል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ከምን ጋር እንደሚስማማ ጠይቁ። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ለዐዋቂ በሦስት ቀን 24 ፍሬ ነው፤ ወተት ወይም ቅቤ ካለበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል። ሦስትና አራት ፍሬ ውጦ «ተሻለኝ» ብሎ የተወ ሰው በሽታውን ሥሩን አልነቀለውም። የብረት ክኒን ግን ከወተት፥ ከቡናና ከሻይ፥ በደጋው ከሚጠጣው ከቡና ቅጠልም ይራቅ፤ እነዚህ ብረቱን ይይዙታል። ዶክሲሳይክሊን የሚባለው መድኃኒት ያለ በቂ ውሃ ከተዋጠ ወይም ውጠው ወዲያው ከተኙ የምግብ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ያቈስላል። እሱን በሙሉ ብርጭቆ ውሃ ውጦ ግማሽ ሰዓት ሳይተኙ መቈየት ነው። በዓባያና በጫሞ ዳር ለቢልሃርዝያ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ትልቅና መራራ ነው፤ ለአንድ ሰው ሦስት አራት ፍሬ ሊደርሰው ይችላል። በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ በመስመሩ ላይ ሰብሮ መዋጥ ይቻላል፤ አፍ ውስጥ ባቈያችሁት መጠን ምሬቱ ይብሳል።

ሁሉም ክኒን ግን አይፈጭም። በሆድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲሟሟ የተሠራ አለ፤ እሱን ቢፈጩት መድኃኒቱ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለቀቅና ይጐዳል። ስለዚህ ከመፍጨታችሁ ወይም እንክብል ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁን። «መዋጥ አቃተኝ» ብላችሁ ብትነግሩን ሽሮፕ ወይም በውሃ የሚሟሟ ዓይነት ካለ እንለውጥላችኋለን።

ለሕፃን ደግሞ ሌላ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2007 በአገራችን በተደረገ የመድኃኒት እደላ ጊዜ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው አራት ሕፃናት የትላትል ክኒን አንቋቸው ሞተዋል። ለዚህ ዕድሜ ክኒኑ ተፈጭቶ በውሃ ይሰጣል። ልጅ እያለቀሰ አፍንጫውን ይዞ፥ አንጋሎ በግድ ማጐረስ ክልክል ነው። ዝም እስኪል ጠብቁት፤ እምቢ ካለ ይመለስና ሌላ ቀን ይምጣ።

ዐዋቂም ቢሆን ክኒን አንቆት መናገርና መተንፈስ ካቃተው ውሃ አትስጡት። ወደ ፊት አጐንብሱትና በትከሻዎቹ መካከል በመዳፍ አምስት ጊዜ በኀይል ምቱ። ካልወጣ ከኋላው ቁሙና ከእምብርቱ ከፍ ብሎ በጡጫ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳቡ፤ እስኪወጣ ሁለቱን አፈራርቁ። ነፍሰ ጡር ከሆነች ሆዷን ሳይሆን ደረቷን ነው።

ክኒን ብቻ ሳይሆን እንጀራም፥ በኋላም ገንፎ አልወርድ እያለው የሚከሳ ሰው ካለ፥ ነገሩ የልማድ ጕዳይ አይደለምና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። ባንድ ጊዜ አፉ ጠሞ መዋጥ ያቃተው፥ መንጋጋው የተቈለፈበት፥ ውሻ ነክሶት ውሃ ሲያይ የሚፈራም እንዲሁ ነው።

አሁን ሃይላንድ ውሃና ሙዝ ይዘን መጥተናል። መሞከር የሚፈልግ ሁሉ ከዚህ ወደ ጥላው ይምጣ፤ በክኒን ፈንታ የዳቦ ፍርፋሪ ጠቅልለን ከትንሿ እንጀምራለን። አዛውንቶች ይቅደሙ።