ስለ ኀዘን ቍስልና በቤተ ክርስቲያን ስለሚገኘው መጽናናት
በቦንጋ፥ በደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



በዓል የደስታ ቀን ነው፤ ነገር ግን ደስታ ያለፈውን እንባ ከረሳ ምስጋናው ጎደሎ ይሆናል። ስለዚህ ስለ ኀዘን ጥቂት እናገራለሁ።

በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው ጦር ወደ ከፋ ዘመተ። ንጉሡ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ከብዙ ወራት በኋላ ተማረከ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፥ ብዙውም በባርነት ተሸጠ። ክርስትና በዚህ አገር ከዚያም አስቀድሞ የታወቀ ቢሆን፥ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት የተተከሉት ከዘመቻው በኋላ ነው። እንግዲህ ያቈሰለው ጦር ባመጣው ደወል ቍስለኛው እንዴት ይጽናናል? ይህን ጥያቄ መሸሽ አይገባንም።

ይህን የሚመስል ነገር በአሜሪካ ጥቁሮች ላይ ደርሷል። ብዙዎቹ ወንጌልን የሰሙት ከገዢዎቻቸው አፍ ነበር፤ በጸሎት ቤትም ከነጮች ተለይተው እንዲቀመጡ ይገደዱ ነበር። ስለዚህ ሪቻርድ ኣለን የተባለው ሰባኪና ባልንጀሮቹ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1816 የራሳቸውን ማኅበረ ክርስቲያን አቋቋሙ። በዚያም በገዛ ዜማቸው አለቀሱ፥ በገዛ ዜማቸውም ተጽናኑ። በ2015 በቻርልስተን ከተማ፥ በዚያው ማኅበር ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠኑ ዘጠኝ ሰዎች ተገደሉ፤ ከሟቾቹ ዘመዶች አንዳንዶቹ በፍርድ ፊት ለገዳዩ ይቅርታ ተናገሩ።

በእኛም ሥርዓት መድኃኒት አለ። ፍትሐቱ በቀብር ቀን አያበቃም፤ ሟቹ በሦስተኛው፥ በሰባተኛው፥ በሠላሳኛው፥ በአርባኛውና በሰማንያኛው ቀን፥ በመንፈቁና በዓመቱም ይታሰባል። ለቀስተኛው ሲበተን ኀዘንተኛው ብቻውን ይቀራል፤ ሥርዓቱ ግን ካህኑንና ጎረቤቱን ወደ ደጁ ይመልሳቸዋል። የነፍስ አባትም፥ ሰንበቴም፥ ዕድርም የሚጠቅሙት ለዚሁ ነው።

ስለ ራሴ ጥፋት ልናገር። አንዲት እናት ወደ እኔ መጥታ «እንቅልፍ አጣሁ» አለችኝ። እኔም ጸልዬላት አሰናበትኋት። ቅኔ የተማርሁ ሰው ሆኜ ሳለሁ ሰሙን ሰምቼ ወርቁን ሳልፈልግ ቀረሁ፤ እንቅልፍ ማጣቷ ሰሙ ነበረ፥ ወርቁ ግን የሞተው ልጇ ነበረ። ይህንም ያወቅሁት ዘግይቼ፥ በደጀ ሰላም በከፋ ቋንቋ ከጎረቤቷ ጋር ስታለቅስ ባየሁ ጊዜ ነው።

እንግዲህ አባቶቼ፥ ያዘነ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይናገር፤ እኛም ሳንቸኵል እንስማው። ሕመሙም ቢጸና ወደ ሐኪም እንላከው፤ ጸበል ሐኪምን አይከለክልም። እንዲህ ካደረግን፥ ከዘመቻ ጋር የመጣው ደወል ለልጅ ልጆቻችን የመጽናናት ድምፅ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።